ጂኑስ አለ፤ ማብሪያውስ?

ዳንግላም ሆነ እንጅባራ፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ ምንም ሳይሰማው ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው አለ። ከዚያው ቤት፣ ከዚያችው ላም የታለበውን ጠጥቶ ሆዱ ሲጮህና ሲነፋ የሚውልም አለ። ይህን የሰማ ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ «አንተ የወተት ጂን የለህም» የሚል ነው። አባባሉ ስሕተት መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሰውየው የእናቱን ጡት ጠብቶ ነው ያደገው፤ የእናት ወተት ደግሞ ከላም ወተት ይልቅ የወተት ስኳር ይበዛበታል። በሕፃንነቱ ያን ሁሉ ስኳር ሲፈጭለት የነበረው ጂን ዛሬም ሙሉውን በሰውነቱ ውስጥ አለ። ሥራ ያቆመው ጂኑን የሚያበራው ክፍል ነው።

ስለ ጂን ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «አለ ወይስ የለም?» ብለን ነው፤ የስኳር በሽታ ጂን፣ የቁመት ጂን፣ የጉብዝና ጂን እያልን። የሰውን ሴል ቀርበው ያጠኑ ሰዎች ግን ጂኑ የት፣ መቼና ምን ያህል በራ የሚለው ጥያቄ የበለጠ እንደሚያስረዳ ካወቁ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ ይህን ነገር ለማስረዳት የምትመች አገር ናት። ወተቱም፣ ወባውም፣ ከፍታውም እዚሁ ነው ያለው።

የሰው አካል የሚጀምረው ከአንድ የዳበረ እንቁላል ነው። ያ ሴል እየተከፈለ በአሥር ትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ሴሎች ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ክፍፍልም ዲኤንኤው ሙሉውን ይቀዳል። ስለዚህ የጉበት ሴል፣ የቆዳ ሴልና የአንጎል ሴል የያዙት ጽሑፍ አንድ ነው። ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ቅጂ፤ እያንዳንዱ ቅጂ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ፊደላቱ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። በዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራባቸው 20,000 ያህል ጂኖች አሉ። የፕሮቲኖቹን አሠራር የሚናገረው ክፍል ግን ከጠቅላላው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የትኛው ጂን የት ይብራ የሚለውን የሚወስኑት ቦታዎች በቀረው ሰፊ ክፍል ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ።

ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሴሎች ናቸው። የኢንሱሊን ጂን ግን በተረከዛችን ቆዳ ውስጥም አለ፤ እዚያ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሄሞግሎቢን የሚሠሩት በመቅኔ ውስጥ ሆነው ወደ ቀይ የደም ሴልነት በማደግ ላይ ያሉ ሴሎች ናቸው፤ ጂኑ ግን በዓይን ሴልም ውስጥ አለ። ምግብን ወደ ጉልበት እንደ መለወጥ ያለውን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚሠሩ ጂኖች በሁሉም ሴል ይበራሉ። የተቀሩት እንደየቦታቸው ነው።

ዝም ያለው ጂን ተበላሽቶ ወይም ተሰርዞ እንዳልሆነ በምን ታወቀ? እንግሊዛዊው ጆን ገርደን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ሥራ፣ ከእንቁራሪት ግልገል አንጀት ላይ ዲኤንኤ የተቀመጠበትን የሴል ክፍል፣ ኒውክሊየስን፣ አውጥቶ የራሱ ኒውክሊየስ በጠፋ የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ አስገባ። ከእንቁላሎቹ ጥቂቶቹ አድገው ሙሉ ግልገል ሆኑ። ዓይን፣ ጅራት፣ ልብ ሁሉ ነበራቸው። የአንጀት ሴል የዓይንንም የልብንም ጂኖች ሳይጥል ይዟቸው ኖሯል ማለት ነው፤ እንቁላሉ ውስጥ ያሉት ነገሮች እንደ ገና አበሯቸው። ገርደን ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከ50 ዓመት በኋላ በ2012 ነው። አብሮት የተሸለመው ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ደግሞ አራት ጂኖችን ብቻ አስገድዶ በማብራት የቆዳ ሴልን ወደ ፅንስ ሴል መሰል ሁኔታ መልሶታል።

የጂን ማብሪያ አሠራር መጀመሪያ በግልጽ የተፈታው ግን በሰው ላይ አልነበረም፤ በአንጀታችን ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ ላይ ነው። ጉዳዩም፣ እንደ አጋጣሚ፣ ይኸው የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ነበር። ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳስረዱት፣ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ላክቶስን የሚፈጩ ጂኖች ቢኖሩትም ላክቶስ በሌለበት አያበራቸውም። ጉልበት ማባከን ነዋ! አንድ ከልካይ ፕሮቲን ከጂኖቹ ፊት ባለው የዲኤንኤ ቦታ ላይ ተጣብቆ ንባቡን ይዘጋል። ላክቶስ ሲመጣ ከእሱ የሚገኝ ሞለኪውል ከከልካዩ ጋር ይያያዝና ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ከልካዩም ቦታውን ይለቃል፤ ንባቡ ይጀመራል። ስኳሩ ሲያልቅ መልሶ ይዘጋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከአንድሬ ልዎፍ ጋር በ1965 ኖቤል ተሸለሙ።

በሰው ሴል ውስጥ ነገሩ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። በመጀመሪያ ዲኤንኤው ራሱ እንደ ልብ አይገኝም። የአንዱ ሴል ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ 2 ሜትር ያህል ነው፤ የተቀመጠበት ኒውክሊየስ ደግሞ በዓይን አይታይም። እዚያ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ስለሚጠቀለል ነው፤ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠቀለል ማለት ነው፣ እንዝርቶቹ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሲሆኑ። ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለውን ክፍል ሴሉ ሊያነበው አይችልም። ላላ ያለው ይነበባል። በሂስቶኖቹ ጫፍ ላይ የሚለጠፉ ትናንሽ ኬሚካዊ ምልክቶች ጥቅሉን ያላላሉ ወይም ያጠብቃሉ። በዲኤንኤው በራሱ ላይ የሚለጠፍም አለ፤ ሜቲል ይባላል፤ በጂን መነሻ አካባቢ ሲበዛ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ሴሉ ሲከፈል ይህ ምልክት አብሮ ስለሚቀዳ የጉበት ሴል ሲባዛ የሚወልደው የጉበት ሴልን ነው እንጂ የሳንባ ሴልን አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጡት አብሪ ፕሮቲኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው የተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል ፈልገው በዲኤንኤ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ብቻውን ብዙ አያደርግም፤ በርከት ብለው ሲሰበሰቡ ጂኑን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠውን መሣሪያ ይጠራሉ፤ አርኤንኤው ከኒውክሊየስ ወጥቶ ፕሮቲን ይሠራበታል። በጉበት ሴል ያሉት አብሪዎችና በአንጎል ሴል ያሉት የተለያዩ በመሆናቸው የሚበራውም ይለያያል። ደግሞ የሚቀመጡበት ቦታ ከጂኑ አጠገብ መሆን የለበትም። በሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊደል ርቆ ሊገኝ ይችላል፤ ዲኤንኤው ይታጠፍና ሩቁ ቦታ ከጂኑ መነሻ ጋር ይገናኛል። አርኤንኤው ከተሠራ በኋላም ቁጥጥሩ አያበቃም፤ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ ቁርጥራጮች መልእክቱን ያዳክሙታል ወይም እንዲፈርስ ያደርጉታል። የ2024 የሕክምና ኖቤል የተሰጠው ለዚህ ግኝት ነበር። እሱን በዚህ እንለፈውና ወደ ወተቱ እንመለስ።

ላክቶስን የሚፈጨው ኢንዛይም ላክቴዝ ይባላል። የሚሠራው በትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ቪላይ በሚባሉት ጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ ነው። ቦታው ለማየት ደስ ይላል። በቅጥያዎቹ ሥር ባሉ ትናንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ሴሎች ያለ ዕረፍት ይባዛሉ። አዲሶቹ ከጉድጓዱ ወጥተው ወደ ጫፉ ይገፋሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሰው ይረግፋሉ። ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ሳሉ ላክቴዝ አይሠሩም። ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ ነው ጂኑ የሚበራው። አንድ ሴል በዚያች አጭር ዕድሜው ውስጥ ማብሪያውን እንዲህ ሲለዋውጥ ይታያል።

በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ጡት ከተጣለ በኋላ ባሉት ዓመታት ይህ ጂን እየደከመ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በዚህ ዓይነት ነው ያሉት። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሰው ጉድለት ያለበት አይደለም፤ እንዲያውም የጥንቱ የሰው ልጅ ሥርዓት ያለው በእሱ ዘንድ ነው። ለውጡ የመጣው በወተት ጠጪዎቹ ላይ ነው፤ ሰው ከብት ማርባት ከጀመረ ወዲህ ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ የተስፋፋ።

ለውጡ የት እንደሆነ መጀመሪያ የተገኘው ፊንላንድ ውስጥ ቤተሰቦችን በማጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002። የላክቴዝ ጂን በክሮሞዞም 2 ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ጂኑን ፊደል በፊደል ሲያነቡ በጠጪና በማይጠጣ መካከል ነገሩን የሚያስረዳ ልዩነት አላገኙበትም። ልዩነቱ ከጂኑ መነሻ 13,910 ፊደላት ርቆ፣ ኤምሲኤም6 በሚባል ሌላ ጎረቤት ጂን ሆድ ውስጥ ነበር። ኤምሲኤም6 ከወተት ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ የለም፤ ሥራው ዲኤንኤ ሲቀዳ ማገዝ ነው። የላክቴዝ ማብሪያ እሱ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። አንዲት ሲ ወደ ቲ መለወጧ አብሪ ፕሮቲን ቦታውን አጥብቆ እንዲይዝ አስችሎታል።

ይህ የአውሮፓውያኑ ለውጥ በኢትዮጵያ ብዙም አይገኝም። ታዲያ የእኛ ወተት ጠጪዎች በምን ይጠጣሉ? እ.ኤ.አ. በ2007 የተመራማሪዋ የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ባደረገው ጥናት ሌሎች ለውጦች ተገኙ፤ ከነዚህም ዋናው 14,010ኛው ፊደል ላይ ያለው ነው። በ2013 ደግሞ በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ ወተት የሚፈጩ አዋቂዎች በአንድ ለውጥ ብቻ እንደማይጠጡ ታየ። በ13,907፣ በ13,915፣ በ14,009 ላይ ያሉ ለውጦች እዚሁ አገር ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከእነዚህ 13,915 በዓረብ ምድር ግመል አርቢዎች ዘንድ የሚበዛው ነው። ሁሉም የሚገኙት በዚያችው መቶ ያህል ፊደል ርዝመት ባላት ቦታ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በተለያየ አገር፣ በተለያየ ዘመን፣ ከብትና ግመል ይዘው የኖሩ ሕዝቦች አንዲቱን ማብሪያ በተለያየ ፊደል ከፍተዋታል። ለእኔ ከዘረመል ሳይንስ ግኝቶች ሁሉ የዚህን ያህል የሚደንቀኝ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቤተሰብ እንቆቅልሽም ይፈታል። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ክፍት ከሆነ ለመጠጣት ይበቃል። ስለዚህ አባትም እናትም እንደ ልባቸው ወተት እየጠጡ፣ እያንዳንዳቸው ግን አንድ የተከፈተና አንድ የሚዘጋ ቅጂ ይዘው ሊሆን ይችላል። ከልጆቻቸው ሁለቱንም የሚዘጋውን ቅጂ የመውረስ ዕድሉ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ነው። «ከየት አመጣው? በዘራችን ወተት የማይጠጣ የለም» የሚባልለት ልጅ ከዚህ ነው የመጣው።

መዘጋቱ ለምን ገና በሕፃንነት አይጀምርም? ሜቲል የሚባለው ምልክት እዚህ ይመለሳል። የሚዘጋውን ቅጂ በወረሱ ሰዎች ላይ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በላክቴዝ ማብሪያ አካባቢ የሜቲል ምልክት እየተጠራቀመ ይሄዳል። ክፍቱን በወረሱት ዘንድ ያ ቦታ ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። አንዲት ፊደል ለብዙ ዓመታት የሚሆነውን እንዲህ ትወስናለች።

አሁን ከዐቢይ ጾም በኋላ የሚነሣውን ጥያቄ እንይ። 55 ቀን ወተት ሳይቀምስ የከረመ ሰው በፋሲካ ሰሞን ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል። «ጾሙ አስረሳኝ» ይላል። በኢ. ኮላይ ቢሆን ልክ ነበር፤ የባክቴሪያው ማብሪያ ስኳሩን ተከትሎ ይበራል፣ ይጠፋል። የሰው ላክቴዝ ግን የሚጠጣውን ወተት አይከተልም። ክፍት የሆነለት ሰው ዓመት ሙሉ ባይጠጣም ጂኑ አይዘጋም፤ የተዘጋበት ሰውም በየቀኑ እየጠጣ ሊያስከፍተው አይችልም። በጾሙ የተለወጡት ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ያልተፈጨ ላክቶስ ወደ እነሱ ሲወርድ አብላልተው ጋዝ ያወጣሉ፤ መነፋቱ ከዚያ ነው። ሰውየው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጠጣ ከስኳሩ ጋር የተለማመዱ ባክቴሪያዎች ይበዙና ችግሩ ይቀልለታል። ከጾም በኋላ የሚሰማው እነሱ ተመናምነው እስኪያንሠራሩ ድረስ ነው። በትንሹ መጀመር የሚረዳውም ለዚሁ ነው፤ ከምግብ ጋር መጠጣትም ይረዳል። ላክቴዙ የተዘጋበት ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ያህል ወተት ያለ ብዙ ችግር ይችላል።

የቤታችን አሠራር ደግሞ ይህን ችግር ሳይንሱ ሳይታወቅ በፊት ነበር ያቃለለው። ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ሲረጋ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን በልተው አሲድ ያደርጉታል። እርጎው ሲናጥ ቅቤው ይወጣል፤ ቅቤ ላክቶስ የለውም ማለት ይቻላል። አሬራው እሳት ላይ ሲጣድ አይቡ ይቋጠርና የቀረው ስኳር አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ወተት እንቢ ያለው ሆድ አይብ በቆጮም ሆነ በእንጀራ የሚቀበለው ወዶ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። ከወር በፊት ወተት እንደ ልቡ ይጠጣ የነበረ ሰው ድንገት ካስቸገረው ማብሪያው አልተዘጋም። ጃርዲያ ወይም ሌላ ተቅማጥ የቅጥያዎቹን ጫፍ ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ ላክቴዝ የሚሠሩት እነዚያው ጫፍ ላይ ያሉ ሴሎች ናቸውና። በሽታው ታክሞ አዳዲስ ሴሎች ወደ ላይ ሲወጡ ይመለሳል። በተለይ ለሕፃናት ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡት አይከለከልም።

የሰው ጂኖች ሁሉ ግን እንደ ላክቴዝ ግትር አይደሉም። ሁኔታን ተከትለው በሰዓታት ውስጥ የሚበሩ አሉ። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ከቆላው ጃዊ ወደ እንጅባራ የሚወጣ ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። አየሩ ይሳሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ኩላሊት ይህን ያውቃል። የሚያውቅበትም መንገድ እንዲህ ነው፦ ኤችአይኤፍ የሚባል አብሪ ፕሮቲን በሴሎቻችን ውስጥ ያለማቋረጥ ይመረታል፤ ኦክስጅን እስካለ ድረስ ግን ወዲያው ምልክት ተደርጎበት ይፈርሳል። ምልክቱን የሚያደርገው ኢንዛይም ያለ ኦክስጅን አይሠራም። ስለዚህ ኦክስጅን ሲያንስ ፕሮቲኑ ሳይፈርስ ይቀርና ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ኢሪትሮፖይቲን የሚባለውን ሆርሞን ጂን ያበራል፤ ሆርሞኑም መቅኔን ቀይ የደም ሴል ጨምር ይለዋል። ዕለት በዕለት ሠርቶ ዕለት በዕለት ማፍረስ ብክነት ይመስላል። ትእዛዝ ሲመጣ ከባዶ ከመጀመር ግን ይፈጥናል። ይህን የፈቱት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሰሜንዛ በ2019 ኖቤል አግኝተውበታል። በዓሉን አይቶ በማግሥቱ ወደ ጃዊ የሚመለስ ሰው የሆርሞኑ መጠን ከፍ ማለት ሊጀምር ይችላል፤ ደሙ ግን ለመለወጥ ሳምንታት ያስፈልጉታል።

በከፍታ ላይ ተወልደው የኖሩትስ? አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን አጥንታ በ2002 እንዳሳተመችው፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠን ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት በአንጻሩ ደማቸው ይወፍራል። ያ ሁሉ ከፍታ እያለ የእኛዎቹ መቅኔ ለምን እንዳልተጣደፈ የሚመረምሩ ሰዎች በኦክስጅን ምላሽ ላይ የሚሠሩ ጂኖችን እየተከታተሉ ነው።

ከደጋው ወደ ቆላው እንውረድ። ጃዊ፣ ጓንጓ፣ ዚገም ወባ የሚጸናባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ለእርሻ ሥራ ከደጋው የሚወርድ ሰውም ይዞት ይመለሳል። በኢትዮጵያ ዋናዎቹ የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፦ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ቫይቫክስ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ እምብዛም አይገኝም፤ በእኛ ዘንድ ግን የተለመደ ነው። ምክንያቱ አንዲት ፊደል ናት።

ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል ለመግባት በሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ዳፊ የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ተመራማሪው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እንዳሳዩት፣ ቀይ የደም ሴላቸው ዳፊ የሌለው ሰዎች በቫይቫክስ አይያዙም ነበር። በምዕራብ አፍሪካ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል እንደዚህ ነው። ሳይንሱን ያስገረመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የእነዚህ ሰዎች ዳፊ ጂን ምንም አልተጎዳም። በደም ሥሮቻቸው ግድግዳ ሴሎች ላይ ፕሮቲኑ እንደማንኛውም ሰው አለ። የጠፋው ከቀይ የደም ሴሎች ላይ ብቻ ነው።

መልሱ በ1995 ታወቀ። በመቅኔ ውስጥ የደም ሴሎችን ጂኖች ከሚያበሩት ፕሮቲኖች አንዱ ጋታ-1 ይባላል፤ ጂ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤ የሚል ተከታታይ ፊደል ፈልጎ የሚቀመጥ። ከዳፊ ጂን ፊት ለፊት እንዲህ ያለ መቀመጫ አለ። በነዚህ ሰዎች ላይ በመቀመጫው ውስጥ ያለች አንዲት ቲ ወደ ሲ ተለውጣለች። ጋታ-1 ሊቀመጥ አልቻለም፤ ጂኑ በመቅኔ ውስጥ አልበራም። የደም ሥር ሴሎች ደግሞ ያንን ጂን ለማብራት ጋታ-1ን አይፈልጉትም፤ ስለዚህ እዚያ ምንም አልተለወጠም። ጂኑ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ፕሮቲኑ ከሁሉም ቦታ ይጠፋ ነበር። ማብሪያ መለወጡ ግን ከአንድ ክፍል ብቻ አጠፋው፤ ሌላው ሥራውን ቀጠለ። ቀይ የደም ሴል ወደ ደም ከመግባቱ በፊት ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያበራው ጂን የለውም። ገጹ ላይ ምን እንደሚኖር የሚወሰነው መቅኔ ውስጥ ሳለ ነው፤ ያኔ ያልተሠራ ዳፊ በኋላ አይሠራም።

ኢትዮጵያውያን ሁለቱም ዓይነት ነን፤ ዳፊ ያለውም የሌለውም በአንድ መንደር ይኖራል። ቫይቫክስ እዚህ ሥር የሰደደው ለዚህ ነው። ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለ ነበር፤ ነገር ግን ዳፊ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን በቫይቫክስ ሲያዙ መታየታቸው በ2013 ከታተመ ጥናት ጀምሮ ተደጋግሞ ተዘግቧል። ጥገኛው ሌላ በር አገኘ ወይ? በ2023 የታተመ ሥራ ሌላ መንገድ አሳይቷል፦ ዳፊ የላቸውም በሚባሉ ሰዎች መቅኔ ውስጥ በማደግ ላይ ካሉት የደም ሴሎች ጥቂቶቹ ዳፊን ለአጭር ጊዜ ያወጡታል። ማብሪያው ጠፋ ተባለ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው «የእኔ ደም ቫይቫክስ አይዘውም» ብሎ አጎበሩን መተው የለበትም። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል የታዘዘው መድኃኒትም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት።

ተፈጥሮ በዳፊ ላይ ያደረገችውን ሰዎች ሆን ብለው በሌላ ቦታ ላይ አድርገውታል። ፅንስ በማሕፀን ሳለ የሚጠቀምበት ሄሞግሎቢን ከአዋቂው ይለያል፤ ከተወለደ በኋላ ባሉት ወራት የፅንሱ ጂን ይጠፋና የአዋቂው ይበራል። ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ያለበት የአዋቂው ጂን ነው። የፅንሱ ሄሞግሎቢን እየተሠራ ቢቀጥል በሽታው ይቀላል። የፅንሱን ጂን የሚያጠፋው ቢሲኤል11ኤ የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን ከመላው አካል ማጥፋት ግን አይቻልም፤ አንጎልም፣ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎችም ይፈልጉታል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የቢሲኤል11ኤን ጂን የመቅኔ ማብሪያ ብቻ ፈለጉ። ሲያገኙት መካከሉ ላይ የተቀመጠው ያው የጋታ-1 መቀመጫ ነበር።

ካስጄቪ የተባለው ሕክምና ያንን መቀመጫ ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ይሰብረዋል። በ2023 መጨረሻ መጀመሪያ በብሪታንያ፣ ከዚያ በአሜሪካ ተፈቀደ። የታማሚው የደም ግንድ ሴሎች ይወሰዳሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ይቆረጣሉ፣ የቀረው መቅኔ በጠንካራ ኬሞቴራፒ ከጸዳ በኋላ ይመለሱለታል። ሲፈቀድ በአሜሪካ የተቆረጠለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የተነካው የደም ግንድ ሴል ብቻ ስለሆነ የታከመው ሰው በኋላ የሚወልዳቸው ልጆች የሲክል ጂኑን እንደ ማንኛውም ያልታከመ ሰው ልጅ ሊወርሱ ይችላሉ፤ የተሰበረውን ማብሪያ ግን አይወርሱም።